እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ለእንግሊዝኛ ፈተና ሊረዳ ይችላልን?

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኔም ባለፈው ጥቅምት ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ባልበቃሁ ነበር። መምህራችን በቀደሙት ዓመታት ከተሰጡት የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናዎች አንዱን ለመለማመጃ ሰጥተውን ነበር። ከ120 ጥያቄ 41 ብቻ አገኘሁ። ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ እንደ ያዝሁ ሁለት ቀን ደበቅሁት፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ለእናቴ ነገርኋት።

በቤታችን ይህ ነገር ቀላል አልነበረም። ታላቅ እኅቴ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ነበረች። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። እኅቴ ከእነዚህ መካከል አልነበረችም፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። የእርስዋን የጥናት ደብተር ገልጬ ባየሁት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር «1 ቢ፣ 2 ዲ፣ 3 ኤ» እየተባለ የመልስ ፊደል ብቻ ተጽፎበታል። «ፊደሉን ሸመደድሁ እንጂ ምክንያቱን አልያዝሁም» አለችኝ። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የማጠናው እንደዚሁ ነበር።

እናቴ የማታ ትምህርት እስከ 4ኛ ክፍል ተምራለች፤ አማርኛ ታነባለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታውቅም። ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «ልጄ፣ እንግሊዝኛውን እኔ አላውቅልህም። አንተ ግን ለምን እንደ ተሳሳትህ በአማርኛ አስረዳኝ። ማስረዳት ያቃተህን ነገር ገና አላወቅኸውም ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ማታ ከእራት በኋላ እርስዋ ስንዴ ስትለቅም እኔ ከአጠገብዋ ተቀምጬ እለማመድ ጀመር። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ አሠራራችንን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

1ኛ/ ምክንያቱን መጠየቅ። አንድ ቀን «በዚህ ቤት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እኖራለሁ» የሚል ሐሳብ ያለበት ጥያቄ ገጠመኝ። እኔ «አይ ሊቭ» የሚለውን መረጥሁ፤ ትክክለኛው መልስ ግን «አይ ሃቭ ሊቭድ» ነበር። እናቴ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። የሰዋስው መጽሐፌን ገልጬ ሳስረዳት ነገሩ ለራሴ በራ። በአማርኛ «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እኖራለሁ» ብንል ስሕተት የለበትም፤ እንግሊዝኛ ግን ዱሮ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ለዘለቀ ነገር «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ያለበትን ግሥ ይፈልጋል። ደግሞም «ሲንስ» የእኛ «ከ… ጀምሮ» ሲሆን መነሻውን ጊዜ ያመለክታል፤ «ፎር» ግን «ለሦስት ዓመት» እንደምንለው የጊዜውን ርዝመት ይናገራል።

የሌላ ሰው ንግግር መልሶ መናገርም እንዲሁ ያስቸግረኝ ነበር። እኛ «ከበደ ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል የከበደን ቃል እንዳለ እናስቀምጠዋለን። እኔም ይህንኑ ልማድ ይዤ «አይ» የሚል ቃል ያለበትን መልስ መረጥሁ። እናቴ ትርጓሜውን ሰምታ፣ «ታዲያ የሚመጣው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ ከበደ?» ብትለኝ ሁለታችንም ሳቅን። በእንግሊዝኛ «ከበደ ሴድ ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ደይ» ይባላል፤ ተናጋሪው «እርሱ» ይሆናል፤ ግሡም ወደ ኀላፊ ጊዜ ይሄዳል፤ «ነገ» የነበረውም «በማግሥቱ» ይሆናል። ከዚያ ሳቅ በኋላ ይህን ዓይነት ጥያቄ ስቼ አላውቅም።

2ኛ/ ቦታውን በጣት ማሳየት። ለአንብቦ መረዳት ጥያቄ መልስ ስሰጥ እናቴ፣ «ይህ ነገር ወረቀቱ ላይ የት አለ? በጣትህ አሳየኝ» ትላለች። ጣቴን የማሳርፍበት ባጣሁ ጊዜ መልሱ ከራሴ ግምት እንጂ ከምንባቡ እንዳልመጣ ዐውቃለሁ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝም ቃሉን በጣቴ ሸፍኜ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ እነግራታለሁ፤ በተሸፈነው ቦታ የሚስማማውን የአማርኛ ቃል አብረን እንፈልጋለን። ከዚያ በኋላ ከአራቱ ምርጫዎች ወደዚያ ቃል የሚቀርበውን እወስዳለሁ። ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ባይሠራም በዘፈቀደ ከመምረጥ እጅግ ይሻላል።

3ኛ/ ሰዓት መያዝ። የተለማመድሁበት ፈተና 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት የሚሠራ ስለ ነበረ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ነው። ምንባብ ማንበብ ጊዜ ስለሚወስድ የሰዋስውን ጥያቄ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ያስፈልጋል። እኔ ግን በአንድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ ስከራከር እገኝ ነበር። ስለዚህ 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ እሠራለሁ፤ እናቴ ስልኬን ወስዳ ደቂቃውን ትቈጥራለች፤ ስልኩም በእኔ እጅ ስለማይሆን ሐሳቤን አይከፍለውም። የከበደኝን ጥያቄ ምልክት አድርጌበት አልፈዋለሁ፤ ጊዜ ከተረፈኝ እመለስበታለሁ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አንድ ማታ 17ኛውን ጥያቄ ዘልዬ የ18ኛውን መልስ በ17ኛው መስመር ላይ አጠቈርሁ። ስሕተቱን ሳላውቅ ስለ ቀጠልሁ የማውቃቸውን ዘጠኝ ጥያቄዎች አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየአሥሩ ጥያቄ ቈም ብዬ የጥያቄውንና የመስመሩን ቍጥር አስተያያለሁ።

4ኛ/ የስሕተት ደብተር። በዚህ ደብተር የሳትሁትን ጥያቄ፣ የመረጥሁትን፣ ትክክለኛውንና ምክንያቱን በአማርኛ እጽፋለሁ። እሑድ እሑድ እናቴ የአማርኛውን ምክንያት ታነብልኛለች፤ እኔም የእንግሊዝኛ ምሳሌ እሰጣለሁ።

የዚህ አሠራር ጕድለት እንዳለውም አልሰውርም። እኔ የተሳሳተ ምክንያት ብሰጥ እናቴ ልታርመኝ አትችልም። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የመልስ ወረቀቶችም አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ስለዚህ የተጠራጠርነውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ በማግሥቱ ለመምህራችን አቀርባለሁ። እርሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለቹ መልሰውልኛል።

በግንቦት ወር ሌላ የቀድሞ ፈተና ሰዓት ተይዞልኝ ሠርቼ ከ120 ጥያቄ 74 አገኘሁ። ዋናው ፈተና ገና ከፊቴ ስለ ሆነ በዚህ ልኵራራ አልችልም። ነገር ግን ከጥቅምቱ የሚለየው ትክክል ያደረግኋቸውን ለምን ትክክል እንዳደረግኋቸው ማወቄ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ደግሞ እኅቴ ከሥራ ስትመለስ ከእኛ ጋር መቀመጥ መጀመርዋ ነው። ባለፈው ሳምንት በአሮጌው ደብተርዋ ላይ ከመልስ ፊደሉ አጠገብ ምክንያቱን መጻፍ ጀምራለች፤ በግል ተመዝግባ እንደገና ለመፈተንም ቈርጣለች።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ባለማወቃችሁ ከልጃችሁ ትምህርት አትራቁ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ «የት አለ?» ማለትና ሰዓት መያዝ በማንኛውም ቋንቋ ይቻላል። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ ዝቅተኛ ማርክ ያለበትን ወረቀት በኪሳችሁ አትደብቁ። እኔ ሁለት ቀን ደብቄው ነበር፤ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር የሁለት ማታ ልምምድ ማጣት ብቻ ነው።