ነቀዝን ስለ መከላከል

አምርቶ በጎተራ ያስቀመጠም ሆነ ገዝቶ በመጋዘን ያከማቸ ሰው፥ ነቀዝ በታየው ጊዜ አስቀድሞ ባለ ሱቁን የሚጠይቀው «መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚሰጠው ምክር ከሚሸጠው ዕቃ ያላነሰ ዋጋ አለው።

የተቀናጀ የተባይ መከላከል የሚባለው ዘዴ መድኃኒትን አይከለክልም፤ ነገር ግን ከሌሎች ጥንቃቄዎች በኋላ ያስቀምጠዋል። ተራውም የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ተባዩን ማወቅ። የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላልዋን ትጥልበትና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ ከውስጥ እየበላ ያድግና በሞቃት ስፍራ በ5 ሳምንት ያህል ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ሲገዙት ንጹሕ የመሰለ እህል አስቀድሞ የተያዘ ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ ማድረቅ። የእህሉ እርጥበት ከመቶ 13 ባይበልጥ መልካም ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ ይወዝውዝ፤ ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ይህ ሙከራ እርጥቡን ይለያል እንጂ ትክክለኛውን ልክ አይናገርም።

3ኛ/ ማጽዳት። አዲሱ እህል ሳይገባ መጋዘኑ ይጠረግ፤ ስንጥቁ ይደፈን፤ አሮጌው ከአዲሱ አይደባለቅ። ጆንያውም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር።

4ኛ/ አየር መንሣት። ውስጡ ፕላስቲክ የተደረበ፥ አየር የማያስገባ ከረጢት በደረቅ እህል ተሞልቶ በጥብቅ ከታሰረ፥ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ከረጢቱ ከተቀደደ ግን ጥቅሙ ይቀራል።

5ኛ/ መመርመር። ከየክምሩ ናሙና እያወጡ በየ15 ቀኑ ማየት፥ ጉዳቱ ሳይስፋፋ ለመድረስ ያስችላል።

6ኛ/ መድኃኒት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ነቀዙ ካልጠፋ ብቻ፥ የሠለጠነ ሰው ያድርገው። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰውን ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ወይም ከመኝታ ክፍል በተያያዘ ጓዳ ፈጽሞ አይደረግ። ባለ ሱቅም ከማሸጊያው አውጥቶ በፍሬ መሸጥ አይገባውም።

ለላኪዎችም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘትዋ ንግዱ ተሰናክሎ ነበር፤ ጥርጣሬው ያረፈውም ቡናው በተያዘበት ጆንያ ላይ ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃ ከእህልና ከቡና፥ ከባዶ ጆንያም ጭምር ተለይቶ ይቀመጥ። ገበሬውና የቤት ባለቤትም ይህን ተራ ከነጋዴው አፍ ይስሙ፤ ደኅና እህል ያገኘ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣልና።