የወፍጮው ሞተር አልነሳ ሲል

ወፍጮ ሲቆም ጣጣው ብዙ ነው። እህል ተሸክመው የመጡ ሰዎች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ማታ ደግሞ የድንጋይ ወፍጮ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ሞተሩ አልነሳ ሲል ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ በጣም ይግላል። ያን ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየርና ጠንካራ እመቃ ይፈልጋል።

ቶሎ ወደ መፍቻ አንሩጥ። መጀመሪያ ጭሱን እንመልከት።

1. ሞተሩ ሲዞር ምንም ጭስ ከሌለ፣ ናፍጣ አልደረሰውም ማለት ነው። ታንኩና ቧንቧው ይታይ።

2. ነጭ ጭስ እያወጣ ካልተነሳ፣ ናፍጣው ደርሷል፤ ግን አልነደደም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ወይም እመቃው ደክሞ ይሆናል። እመቃው ከደከመ መካኒክ ይጠራ።

3. ተነስቶ ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ ብዙ ጊዜ አየር አንሶታል። የአየር ማጣሪያው በዱቄት ብናኝ ተደፍኖ ይሆናል፤ ይጽዳ።

ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ፣ ማለትም ያለ ሥራ በዝግታ ሲዞር፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ቢጠፋስ? በናፍጣው መስመር አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እንደቆመ የናፍጣ ማጣሪያው የአየር መውጫ ብሎን ይላላ። አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ይጥበቅ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞተር ጭስ ይገድላል። የጭስ ማውጫው ከቤት ውጭ ይሁን። ሞተሩ ሲዞር ነጠላና ጋቢ ወደ ቺንጋው አይጠጋ።

ጥያቄዎች
ሀ. ነጭ ጭስ ምን ያመለክታል?
ለ. አየር ከናፍጣው መስመር እንዴት ይወጣል?