የሐበሻ ሽንኩርት በጓሮ እንዴት ይባዛል?

ለጓሮ የቱ ሽንኩርት ይሻላል ለሚለኝ ሰው መልሴ የሐበሻ ሽንኩርት ነው። እንደ ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ያሉት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርቶች የሚለሙት ከዘር ስለሆነ ዘር መግዛትና ችግኝ ማፍላት ይጠይቃሉ። ኩሽና ውስጥ ያጎነቆለ ትልቅ ሽንኩርት ቢተከልም ብዙውን ጊዜ አበባ አውጥቶ ወደ ዘር ይሄዳል። የሐበሻው ግን አንዱ ራስ ተከፋፍሎ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በሦስት ወር ገደማም ይደርሳል።

ዋናው ሥራ የሚተከለውን ራስ መምረጥ ነው። ለወጥ ያልሆነውን ደቃቃና ልፍስፍስ ለቅሞ መትከል በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እንዲህ እየተደረገ ግን ዘሩ ከተከላ ተከላ ይደክማል። መካከለኛ መጠን ያለውን፣ ልጣጩ የደረቀውን፣ አንገቱን በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉደውን ይምረጡ። ገልብጠው ሥሩ የሚወጣበትንም ይዩ፤ ከሻገተ ወይም ከለሰለሰ በሽታ ይዞ መሬት ይገባልና ይተዉት። ገና የተነቀለ ሽንኩርትም ቶሎ አያጎነቁልም፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆይ።

ከተከላው አንድ ቀን በፊት፣ ያላጎነቆለውን ራስ ጫፉን ሩብ ያህል በስለታም ቢላዋ ቆርጠው ጥላ ላይ ያድርቁት። ይህም ቶሎ እንዲያጎነቁል ይረዳዋል። የተቆረጠውን ፊት ቀረብ ብለው ካዩት መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቡቃያዎች ተጠጋግተው ይታያሉ። ራሱ ሲከፋፈል ለየብቻ የሚያድጉት እነዚህ ናቸው።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ባለፈው ዓመት ቀይም ነጭም ሽንኩርት ያልነበረበት ይሁን። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውኃ ስለሚያቁር መደቡን በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ። በመስመሮቹ መካከል 40፣ በተክሎቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ሥሩን ወደ ታች አድርገው ጫፉ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይትከሉ፤ ጠልቆ የተቀበረ ይበሰብሳል።

በጥቅምት ወይም በኅዳር መትከልን እመርጣለሁ። በክረምት ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነጠብጣብ የሚያወጣው የፈንገስ በሽታ ይበረታል። ውኃውን ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡ፤ መጀመሪያ በየሦስት አራት ቀኑ፣ ሥር ከያዘ በኋላ በሳምንት አንዴ። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አረምን በጥላው አያፍንም፤ ሥሩም ላይ ላዩን ነው። ስለዚህ በጥልቀት ከመኮትኮት ይልቅ አረሙን በእጅ ይንቀሉ። ራሱ ከአፈር ብቅ ሲል አፈር አይመልሱበት።

ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ለመንቀል ደርሷል። ውኃውን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያቁሙ። የነቀሉትን ከነቅጠሉ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን አስጥተው፣ አንገቱ ጭምር ሲደርቅ ቅጠሉን ይቁረጡ። የሚቀጥለውን ዘር ወደ ኩሽና ከመግባቱ በፊት ከምርጦቹ ለይተው፣ ፌስታል ውስጥ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ቅርጫት ያስቀምጡ፤ በየሳምንቱ እያገላበጡም የለሰለሰውን ያውጡ።