«እኔ» ሲሰፋ «እኛ» ይሆናል፦ ከጆድ ቤተሰብ ስደት የምንማረው

በዚህ እትም የንባብ ዓምዳችን የምናነሳው መጽሐፍ የአሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ነው፤ በአማርኛ «የቁጣ ወይን» እንደማለት ነው። መጽሐፉ በ1939 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1940 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ደራሲውም በ1962 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው። ብዙ ጊዜ «ስለ ችግርና ጽናት የተጻፈ ልቦለድ» ተብሎ ይታለፋል። ጽናት ግን ምንድን ነው? ጥርስን ነክሶ ዝም ማለት ነው? ወይስ ሌላ? ይህን ጥያቄ ይዘን መጽሐፉን አብረን እንመልከት።

የታሪኩ መነሻ

ዘመኑ 1930ዎቹ ነው። አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ናት። በኦክላሆማ፣ በካንሳስ፣ በቴክሳስና በአካባቢው ድርቅ ገብቷል። መሬቱን ይዞት የነበረው ሣር በእርሻ ተገልብጦ ስለነበር ነፋሱ አፈሩን አንስቶ ቀኑን የሚያጨልም የአቧራ ማዕበል አደረገው። የጆድ ቤተሰብ በዚህ ምድር ላይ የሚኖር ገበሬ ነው፤ መሬቱ ግን የእሱ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ጭሰኛ የምንለው ዓይነት ነው። ምርቱ ሲጠፋ ባለመሬቶቹና ባንኮቹ ጭሰኞቹን አስወጥተው በትራክተር ማረስ ጀመሩ።

ቶም ጆድ ከአራት ዓመት እስር በኋላ በአመክሮ ተፈትቶ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ቤተሰቡ ለጉዞ እየተዘጋጀ ነው። ዕቃቸውንና የእርሻ መሣሪያቸውን በ18 ዶላር ሸጠው፣ አንድ አሮጌ መኪና ወደ ጭነት መኪና ለውጠው፣ የቀድሞውን ሰባኪ ጂም ኬሲን ጨምሮ 13 ሆነው ወደ ካሊፎርኒያ ይነሳሉ። ስታይንቤክ ይህን የጻፈው ከሩቅ ሆኖ አይደለም። በ1936 የስደተኛ ሠራተኞችን ሰፈሮች ተዘዋውሮ አይቶ ለሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ተከታታይ ዘገባ አቅርቦ ነበር።

ችግሩ ከሰማይ ብቻ አልመጣም

ድርቁ የተፈጥሮ ነው። ረሃቡ ግን የሰው እጅ አለበት። ደራሲው ይህንን በተለያዩ ቦታዎች ያሳየናል፤ ሦስቱን እናንሳ።

አንደኛው የትራክተሩ ትዕይንት ነው። የጭሰኛውን ቤት ሊያፈርስ የመጣው ሾፌር የጎረቤት ልጅ ነው፤ በቀን 3 ዶላር ይከፈለዋል፣ እሱም የሚያበላቸው ልጆች አሉት። ጭሰኛው ጠመንጃውን ይዞ ተጠያቂውን ይፈልጋል። ሾፌሩ ታዟል፣ ያዘዘውም ከባንክ ታዟል፣ ባንኩም ከሌላ ቦታ ታዟል። በደሉ ፊት ለፊት ቆሟል፤ በዳዩ ግን አይገኝም።

ሁለተኛው የሥራ ማስታወቂያው ወረቀት ነው። በመንገድ ላይ ልጆቹን በረሃብ ያጣ አንድ ሰው ለጆዶች ስሌቱን ያስረዳቸዋል። አሠሪው የሚፈልገው 800 ሰው ነው፤ የሚያሳትመው ግን 5,000 ወረቀት ነው። ሥራ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ደመወዙ ይወርዳል። ጆዶች ይህንን በራሳቸው ያዩታል። ኮክ ለመልቀም ሲቀጠሩ በሳጥን 5 ሳንቲም ይከፈላቸዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሠራተኞች ሥራ ያቆሙት ክፍያው ወደ 2 ሳንቲም ተኩል ወርዶባቸው እንደሆነ አያውቁም። አድማው ሲሰበር የጆዶችም ክፍያ ወዲያው በግማሽ ተቆረጠ። የአንዱ ረሃብ የሌላውን ደመወዝ መቁረጫ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው የመጽሐፉ ርዕስ የሚነሳበት ምዕራፍ ነው። ዋጋ እንዳይወርድ ተብሎ ብርቱካን ላይ ኬሮሲን ይረጫል፣ ድንች ወንዝ ውስጥ ይደፋል፣ የተራበው እንዳያወጣውም ጠባቂ ይቆማል። በሰዎች ልብ ውስጥ እንደ ወይን የሚበስለው ቁጣ ይሄ ነው።

ጽናቱ የት ነው ያለው?

ብዙ አንባቢ ጽናትን በእናትየው በማ ጆድ ያያል፤ ልክም ነው። የሞሃቪን በረሃ በሌሊት ሲያቋርጡ አያትየው ይሞታሉ። ማ ቤተሰቡ እንዳይቆም ብላ እስኪነጋ ከአስከሬኑ ጎን ተኝታ ታድራለች፤ ለማንም አትናገርም። ይህ ትልቅ ብርታት ነው። ነገር ግን ስታይንቤክ እዚህ ላይ አያቆምም።

ከመነሳታቸው በፊት ኬሲን ይዘን እንሂድ ወይ ተብሎ ሲመከር ማ ጥያቄውን ትለውጠዋለች። ለእሷ ጉዳዩ የመቻል ሳይሆን የመፍቀድ ነው። በሌላ ቦታ፣ ካሊፎርኒያ በደረሱበት የጎስቋሎች ሰፈር፣ ወጥ ስትሠራ የተራቡ ሕፃናት ድስቷን ይከቧታል። ለራሷ ልጆች እንኳ አይበቃም። ልታባርራቸው አልሆነላትም፤ ልታጠግባቸውም አልቻለችም። ከቤተሰቧ ድርሻ ቀንሳ ድስቱን እንዲጠርጉት ትተውላቸዋለች። ደራሲው ማን እንደ ቅዱስ አላቀረባትም፤ ተጨንቃ፣ ተናድዳ፣ ግን ፊቷን ሳታዞር ነው ያደረገችው።

በመንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት ደግሞ አስተናጋጇ ሜይ አለች። የ15 ሳንቲም ዳቦ ለአንድ ስደተኛ አባት በ10 ሳንቲም ትሸጣለች፤ አንዱ 5 ሳንቲም የሚሸጠውን ከረሜላም ሁለቱን በ1 ሳንቲም ነው ብላ ለልጆቹ ትሰጣለች። አባትየው ምጽዋት እንደተቀበለ እንኳ እንዳይሰማው አድርጋ ነው። እርዳታ ክብርን ሳይነካ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ይበቃል።

ሰው መሬቱን ሲያጣ «እኔ ተነቀልኩ» ይላል። ሌላው አጠገቡ ሲቀመጥ ግን «እኛ ተነቀልን» ይሆናል። በመጽሐፉ ውስጥ ጽናት የሚጀምረው ከዚህች ለውጥ ነው። ማታ ማታ መንገድ ዳር የሚሰፍሩት ቤተሰቦች የአንዱን ሕፃን ሕመም የሁሉም ያደርጉታል። በዊድፓች በሚገኘው የመንግሥት ካምፕ ስደተኞቹ ራሳቸው ኮሚቴ መርጠው ንጽሕናውንና ጸጥታውን ይመራሉ፤ ያው ሕዝብ ነው፣ ግን ቀና ብሎ ይሄዳል።

ጽናትን ስናደንቅ በደሉን እንዳናጸድቅ

መጽሐፉ በድል አያልቅም። አያቶቹ ሞተዋል፣ ኖዋ በወንዝ ዳር ቀርቷል፣ ኮኒ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ጠፍቷል፣ ኬሲ ተገድሏል፣ ቶም ተደብቆ ይሄዳል፣ አል ከእጮኛው ቤተሰብ ጋር ይቀራል። ከ13ቱ ተጓዦች ከጎርፉ ሸሽተው ወደ መጨረሻው ጎተራ የሚደርሱት 6 ናቸው። በዚያም ልጇ ሞቶ የተወለደባት ሮዝ ኦፍ ሻረን ጡቷን በረሃብ ሊሞት ለተቃረበ፣ የማታውቀው ሰው ትሰጣለች። ትዕይንቱ አንባቢን ሊያስደነግጥ ይችላል። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሁሉን ያጣ ሰው እንኳ የሚሰጠው አያጣም።

ይህ ማለት ድሃው ሲችል ዝም ብለን እንመልከተው ማለት አይደለም። «ጠንካራ ሕዝብ ነው፣ ይችለዋል» ማለት ለበዳዩ ይመቸዋል። ታሪኩ ይፈጸምበት የነበረው የከርን አውራጃ አስተዳደር በ1939 መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍቱና ከትምህርት ቤቶቹ አግዶት ነበር። የሚያስቆጣው የጆዶች ትዕግሥት ሳይሆን የችግራቸው ምክንያት በስሙ መጠራቱ ነበርና። እኛም ሶብር ስንል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማለታችን አይደለም። ልብን ከተስፋ መቁረጥ፣ እጅን ከበደል ጠብቆ የሚገባውን መሥራት ነው።

ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገንም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የምናውቅ ብዙዎች ነን። በየዶርማችንም ከቤት የሚላክለት ሳይኖር፣ ችግሩን ለማንም ሳይናገር የሚማር ጓደኛ አለ። የማ ጆድ ጥያቄ ለእኛም ነው፦ እንችላለን ወይ ሳይሆን፣ እንፈቅዳለን ወይ?

ለውይይት

1. ማ ጆድ ለሕፃናቱ ድስቱን መተዋ ትክክል ነበር? የራሷ ልጆች ሐቅስ?
2. ሜይ የዋጋውን ልዩነት ባትደብቅ ኖሮ አባትየው ዳቦውን ይቀበል ነበር? እኛ ስንረዳ የተረጂውን ክብር እንዴት እንጠብቃለን?
3. የትራክተሩ ሾፌር ልጆቹን ለማብላት ጎረቤቱን አፈናቀለ። ምን ምርጫ ነበረው?

መጽሐፉን የምታገኙ አንብባችሁ ኑ፤ ያላገኛችሁም ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ኑ። በሚቀጥለው የንባብ ፕሮግራማችን ኢንሻአላህ አብረን እንወያይበታለን።