የኩዊንሲ ልጆች የጻፉት ደብዳቤ

ሰው አሳቡን ለባልንጀራው የሚያስታውቅበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው በአፍ፥ ሁለተኛው በጽሕፈት ነው። በአፍ የሚናገር ሰው ብዙ ረዳት አለው። ዓይኑ ይረዳዋል፥ እጁ ይረዳዋል፥ የድምፁም ከፍታና ዝቅታ ይረዳዋል። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፥ ኩታቸውን አጣፍተው፥ ዘንጋቸውን ይዘው፥ ዳኛውን በዓይናቸው እየተመለከቱ ነበር። ደብዳቤ ግን ዓይንም እጅም ድምፅም የለውም። ወደማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ ብቻውን ይናገራል፤ አንባቢው ቢጠይቀውም በላዩ ከተጻፈው በቀር ሌላ ቃል አይመልስም። ስለዚህ የሰውን ልብ ለበጎ ሥራ የሚያስነሣ ደብዳቤ መጻፍ ከመናገር ይልቅ ይከብዳል፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ትምህርት በሚገባ የተማሩትን የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ታሪክ እነግራችኋለሁና አድምጡ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ከቦስተን ከተማ አጠገብ ኩዊንሲ የምትባል ከተማ አለች። በዚያም ብሮድ ሜዶስ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። በ1994 ዓመት ታኅሣሥ በሚሉት ወራቸው በሁለተኛው ቀን፥ በእኛ ኅዳር 23 ቀን፥ ወደዚህ ትምህርት ቤት አንድ እንግዳ መጣ። እንግዳው ሹም አልነበረም፥ ባለጸጋም አልነበረም፤ ኢቅባል ማሲህ የሚባል የፓኪስታን ልጅ ነበረ። ማሲህ ማለት መሢሕ ማለት ነው፤ በፑንጃብ አውራጃ የሚኖሩ ብዙ ክርስቲያኖች በዚህ ስም ይጠራሉ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ነው ተባለ፤ ቁመቱ ግን ከዕድሜው እጅግ ያነሰ ነበረ። የኩዊንሲ ልጆች በዕድሜ እኩያቸው ነው የተባለው ልጅ ከእነርሱ ይህን ያህል አንሶ ባዩት ጊዜ ተደነቁ። ምክንያቱንም እርሱ ራሱ ነገራቸው።

ኢቅባል የተወለደው በላሆር ከተማ አጠገብ በሙሪድኬ ነው። አራት ዓመት በሆነው ጊዜ ቤተ ሰቦቹ ለታላቅ ወንድሙ ሠርግ ስድስት መቶ (600) ሩፒ ከአንድ የምንጣፍ ሠሪዎች ጌታ ተበደሩ። ይህም ገንዘብ ለኩዊንሲ ልጆች እንደ ተነገራቸው አሥራ ሁለት ዶላር ያህል ነበረ። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ልጁ በመያዣነት ለሥራ ተሰጠ። ከማለዳ ጀምሮ እስከ ምሽት በሽመናው ዕቃ ፊት ተቀምጦ በትንንሽ ጣቶቹ የምንጣፉን ክር ይቋጥር ነበር። እንዳይሸሽም በሰንሰለት የሚታሰርበት ጊዜ ነበረ። ነገር ግን ዕዳው እየተከፈለ እንዲያንስ ሊሆን ሲገባው እየበዛ ሄደ። ለሚበላው ይቈጠርበታል፥ ቋጠሮ ቢሳሳት ይቈጠርበታል፥ ወለዱም ይጨመርበታል፤ እንዲህ እያለ ዕዳው አሥራ ሦስት ሺህ (13,000) ሩፒ ደረሰ ይባላል። እናንተ ሒሳብ የምትማሩ ልጆች፥ ስድስት መቶ ተበድሮ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው እንዴት አሥራ ሦስት ሺህ ዕዳ እንደሚቀርበት አስቡት።

በ1992 ዓመት የፓኪስታን መንግሥት ሰውን በዕዳ ይዞ ማሠራትን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ እንዲህ ያለውንም ዕዳ ሁሉ ሻረ። ይሁን እንጂ ሕጉ በወረቀት ላይ ነበረ፥ ኢቅባልም በሽመናው ዕቃ ፊት ነበረ። ልጁ ማንበብ አያውቅም፤ ማንበብ የሚያውቀው ጌታው ደግሞ አልነገረውም። ፊደል አለማወቅ እንዲህ ያለ ጉዳት አለው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ለዕዳ ባሮች ነፃነት የሚደክም አንድ ማኅበር ባደረገው ስብሰባ ተገኝቶ ስለዚህ ሕግ ሰማ፤ ከዚያም በኋላ ነፃ ወጣ፥ ትምህርት ቤትም ገባ። ሌሎች ሕፃናትም እንዲህ ነፃ እንዲወጡ በየስፍራው እየዞረ ይናገር ጀመር። ሪቦክ የተባለው የጫማ ኩባንያ በቦስተን ሽልማት በሰጠው ጊዜ፥ በአንድ እጁ የምንጣፍ መሥሪያውን፥ በሌላው እጁ የመጻፊያ ብዕር ይዞ በሕዝብ ፊት አሳየ። ለሕፃን እጅ የሚገባው ብዕሩ መሆኑን ለሁሉ አስረዳ።

በእኛም አገር ቢሆን ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት የቀሩ እንዳሉ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሽመና የተከበረ ጥበብ ነው፤ ነውሩ ሕፃኑን ከፊደል ለይቶ በማሠራቱ ነው።

የኩዊንሲ ልጆች ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለምንጣፍ ነጋዴዎችና ለሹማምት ደብዳቤ ጻፉ። በዚህች ከተማ ስለ ባርነት መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ስድስተኛው ፕሬዚዳንት የነበረው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የተወለደው በዚያ ስፍራ ነው። ይህ ሰው የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ በቤቱ ዐርፎ አልተቀመጠም፤ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ወደ ምክር ቤት ተመለሰ። በ1836 ዓመት ምክር ቤቱ ባርነት እንዲቀር ሕዝቡ የሚልከው አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብ ወደ ጎን እንዲጣል ወሰነ። አዳምስ ግን ሕዝብ አቤት የማለት መብት አለው ብሎ፥ እየገሠጹትና እየተቈጡት፥ ስምንት ዓመት ተከራከረ። በ1844 ዓመት ያ ውሳኔ ተሻረ። አቤቱታ መስማትን የሚፈራ ጉባኤ፥ በአቤቱታው ውስጥ እውነት እንዳለ የሚያውቅ ጉባኤ ነው ብዬ አስባለሁ።

ኢቅባል ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1995 ዓመት ሚያዝያ በሚሉት ወራቸው በ16ኛው ቀን፥ በዚያ አገር ክርስቲያኖች ዘንድ የፋሲካ እሑድ በሆነ ዕለት፥ በእኛም ዘንድ የሆሣዕና ዕለት በነበረ ቀን፥ ኢቅባል በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደ ገደለውና ስለ ምን እንደ ገደለው ሰዎች ብዙ ተከራከሩ፤ ክርክሩም ሳያልቅ ቀረ።

ወሬው ወደ ኩዊንሲ በደረሰ ጊዜ ልጆቹ አዘኑ። ከዚያም በኢቅባል አገር በስሙ ትምህርት ቤት እናሠራ ብለው ተስማሙ። ትምህርት ቤት ለማሠራት ግን ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፥ እነርሱም ልጆች ናቸው። ስለዚህ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ላሉ እኩዮቻቸው ሊጽፉ ወሰኑ። ይህን ሁሉ ደብዳቤ በእጅ ገልብጦ በፖስታ መላክ ብዙ ቀንና ብዙ ቴምብር ይፈጃል። በዚያን ጊዜ ግን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኮምፒዩተር የተባለው መኪና መግባት ጀምሮ ነበር።

ኮምፒዩተር የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ወደ ቁጥር ይለውጣል። በዚያ ዘመን ያ ቁጥር እንደ ድምፅ ሆኖ በስልክ ሽቦ ይሄድ ነበር፤ በሌላው ከተማ ያለው ኮምፒዩተርም ተቀብሎ እንደገና ፊደል ያደርገዋል። አንዱ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ለአንድ ሰው ለመላክና ለመቶ ሰው ለመላክ ድካሙ ብዙም አይለይም። ለተማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በቀለም የተጻፈ ወረቀት ሲሳሳቱበት ይበላሻል፤ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ግን ቃሉን አውጥቶ ሌላ ቃል መተካት፥ የኋላውንም ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል። ብዙ ልጆች በአንድ ደብዳቤ ዙሪያ ተቀምጠው፥ ይህ ቃል ይቅር፥ ይህ ይግባ እየተባባሉ ሊያርሙት ይችላሉ።

ነገር ግን መኪናው አሳብ አይሰጥም። የሰነፉንም የብልኁንም ቃል በእኩል ፍጥነት ያደርሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ በቁጣ የተጻፈ ነገር በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው ከደረሰ በኋላ መመለሻ የለውም። በእጅ የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን እስኪያጥፍና ፖስታ ቤት እስኪደርስ ድረስ ቁጣው ይበርድለት ነበር፤ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ግን ይህን የማብረጃ ጊዜ ራሱ ማበጀት አለበት። ስለዚህ ለተማሮቼ፥ የጻፋችሁትን አሳድራችሁ በማግስቱ አንብቡ እላቸዋለሁ።

አሁን የኩዊንሲ ልጆች ያደረጉትን እንመርምር። እያንዳንዱ ሰው አሥራ ሁለት ዶላር እንዲሰጥ ጠየቁ። ስለ ምን አሥራ ሁለት? ኢቅባል የተሸጠው በአሥራ ሁለት ዶላር ነው ተብሎ ነበርና፥ ሲሞትም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበርና ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ብልኀት ይህ ነው። «እባካችሁ ገንዘብ ስጡን» ቢሉ ኖሮ አንባቢው ምን ያህል እንደሚሰጥ ሲያመነታ ደብዳቤውን አጥፎ ያስቀምጠው ነበር። «ብዙ ስጡን» ቢሉም ይሸሽ ነበር። አሥራ ሁለት ግን አንድ የተማሮች ክፍል በአንድ ቀን ሊያዋጣው የሚችል ገንዘብ ነው። ደግሞም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ አሥራ ሁለቱን ዶላር ሲቈጥር የነበረ ልጅ የአንድ ሕፃን ዋጋ በእጁ እንደ ያዘ ያስባል። ይህን ከተረዳ በኋላ ብዙ የሐዘን ቃል መጨመር አያስፈልገውም።

ለማን እንደሚጽፉም ዐወቁ። ለልጆች ጻፉ፤ የልጅን ነገር ልጅ ፈጥኖ ይሰማዋልና።

በእውነትም መጻፍ ያስፈልጋል። ስለ ገዳዩ ክርክር ባለበት ጊዜ፥ ሳያውቁ «እገሌ ገደለው» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ለጊዜው ያስቈጣው ይሆናል፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን እውነተኛውንም ቃሉን ሁሉ የሚያምነው ያጣል። የኢቅባል ባርነት ክርክር የሌለበት ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ለመሥራትም ያ ብቻ ይበቃ ነበር።

እናንተም ይህን በትንሹ ነገር ልትለማመዱት ትችላላችሁ። የትምህርት ቤታችሁ የውኃ ጉድጓድ መክደኛ የለውም እንበል፤ ለወረዳው ሹምም ልትጽፉ ፈለጋችሁ። አንዱ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤ «ውኃችን እጅግ መጥፎ ነው። እናንተ ግን ስለ እኛ አታስቡም። ሁላችን ልናልቅ ነው።» ሹሙ ይህን ሲያነብ በመጀመሪያ ይቈጣል፥ ቀጥሎም ምን እንዲያደርግ እንደ ተጠየቀ አያውቅም። ሁለተኛው ተማሪ ግን እንዲህ ይጽፋል፤ «እኛ የአራተኛ ክፍል ተማሮች ነን። የትምህርት ቤታችን ጉድጓድ መክደኛ ስለሌለው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጭቃና ፍግ ይገባበታል። በዚህ ወር ከክፍላችን ሰባት ልጆች በሆድ በሽታ ታመው ቀርተዋል። እንጨቱን ወላጆቻችን ሊሰጡ ተስማምተዋል። አናጢ አንድ ቀን እንዲላክልን በትሕትና እንለምናለን።» ይህ ሰው ማን እንደ ሆነ ተናገረ፥ ያየውን ተናገረ፥ ቈጥሮ ተናገረ፥ እርሱም የሚያደርገውን ድርሻ ገለጠ፥ የሚፈልገውንም አንድ ነገር ለየ። ሹሙ እንቢ ለማለት ከፈለገ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል። በብርዕ ቢጻፍ ወይም በኮምፒዩተር ቢላክ፥ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። የታመሙት ልጆች ግን በእውነት ሰባት መሆን አለባቸው፤ አራት ከሆኑ አራት ብላችሁ ጻፉ።

ወደ ኩዊንሲ እንመለስ። ደብዳቤው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተላለፈ፤ የተቀበሉትም ለሌሎች አስተላለፉት። ገንዘብ ከቅርብም ከሩቅም መምጣት ጀመረ። አሥራ ሁለት ዶላር የላከ ነበረ፥ ከዚያም የሚበልጥ የላከ ነበረ፤ ልጆቹ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ሲመጣ አዩ። በመጨረሻ ከአንድ መቶ ሺህ (100,000) ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ተሰበሰበ። መቶ ሺህን ለአሥራ ሁለት ብታካፍሉ ከስምንት ሺህ ጊዜ በላይ አሥራ ሁለት ታገኛላችሁ።

በ2000 ዓመት የዓለም ሕፃናት ሽልማት የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፥ ኢቅባል ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ ለእርሱ ተሰጠ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ልጆቹ ያሰቡት ትምህርት ቤት ተሠርቶ ነበር። የተሠራውም በዚያው በፑንጃብ፥ ከላሆር ወደ ደቡብ ባለችው በቃሱር ከተማ ነው። በሩ ለተማሮች በተከፈተ ጊዜ ኢቅባል ከሞተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።