ቁጥርን አይቶ መናገር

ውድ እህቶቻችን፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንኖር ብዙዎቻችን ወደ ቤት ገንዘብ እንልካለን። የላክነውን ጽፈን የምናይ ግን ስንቶቻችን ነን?

የሰባት ወር ሐዋላችን 500፣ 500፣ 550፣ 500፣ 600፣ 500 እና 1,750 ድርሃም ነው እንበል። ድምሩ 4,900 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 700 ይደርሳል። «በየወሩ 700 እልካለሁ» ብለን ቃል ብንገባ ግን በስድስቱ ወራት እናፍር ነበር። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መካከለኛውን ብናይ 500 ነው፤ አቅማችንም እሱ ነው። ቀጥሎ የ1,750ው ወር ለምን እንደተለየ እንጠይቅ።

ከመደምደም በፊት መረጃን እንዲህ ማገላበጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አሜሪካዊው ጆን ቱኪ በ1977 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል።

ለመጀመር ክፍያ አያስፈልግም። ካን አካዳሚ የስታቲስቲክስን መሠረት በነፃ ያስተምራል። ኢትዮጵያ ከኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም የዳታ ሳይንስ ትምህርት ይዞ ነው የተነሣው። እንግሊዝኛ የሚከብዳት ከምታውቅ እህት ጋር ተቀምጣ ትማር።

ጥሩ ትምህርት የሚታወቀው በመልመጃው ነው። የመጀመሪያው መልመጃ ደግሞ በእጃችን አለ፤ የሐዋላ ደረሰኞቻችንን አንጣል። በርቱ!