የሩት ሥልጣን ለማን ይሰጥ?

በዩኒክስና አሠራሩን በተከተሉት በእነ ሊኑክስ ዘንድ ሥልጣን ሁሉ የተከማቸው ሩት በሚባል አንድ ተጠቃሚ እጅ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ፣ ይኸውም በ0 ነው፤ የሌላውን ፋይል ቢያነብ ወይም ቢሰርዝ በተለመደው አሠራር ከልካይ የለውም። ታዲያ ከዚህ ሥልጣን ለሌላው ማካፈል ሲያስፈልግ እንዴት ይደረግ?

አሮጌው መንገድ ሱ የተባለው ትእዛዝ ነው። ሱ የሚጠይቀው የሩትን የይለፍ ቃል ስለ ሆነ፣ ሥልጣኑ ለአምስት ሰዎች ቢያስፈልግ አምስቱም አንዱን ምስጢር ማወቅ አለባቸው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የሚሠራው በሩት ስም ነውና ጥፋት ሲገኝ ባለቤቱን መለየት ያስቸግራል።

የቢ.ኤስ.ዲ. ዩኒክስ ሰዎች ይህን ለማጥበብ ዊል የተባለ ቡድን አቆሙ፤ የቡድኑ አባል ያልሆነ ሰው ቃሉን ቢያውቅ እንኳ በሱ አማካይነት ሩት ሊሆን አይችልም። ሪቻርድ ስቶልማን ግን ይህን አልተቀበለም። እርሱ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም.አይ.ቲ. ላቦራቶሪ ጥቂት ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃሉን ለውጠው ሥልጣኑን ለብቻቸው ያዙ፤ እርሱም የሥርዓቱን እምብርት አርሞ ለተጠቃሚዎች መለሰው። ስለዚህ ቃሉን የሚያውቅ አንድ ደግ ሰው ለተራው ቢነግረው ተራው ይጠቀምበት ዘንድ፣ በግኑ ሱ ውስጥ የዊል ደንብ እንዳይገባ ሆነ። ሐሳቡ ደስ ያሰኘናል፤ ዳሩ ግን በሹክሹክታ የሚሰጥ ቃል የሚደርሰው ለሁሉ ሳይሆን ለአስተዳዳሪው ወዳጆች ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በቡፋሎ በኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጻፉት ሱዱ ሌላ መንገድ ከፈተ። ሱዱ እንደ ልማዱ የሚጠይቀው የጠያቂውን የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ ማን ምን እንደ ተፈቀደለት ሱዱዎርስ ከተባለው ፋይል ያያል፤ ትእዛዙንም ከነአዛዡ ስም ይመዘግባል። ፋይሉን የምናርመው በቪሱዱ ነው፤ ስሕተት ቢኖር ከመቀመጡ በፊት ይነግረናልና።

ብዙዎቻችን ግን በስንፍና በአንድ መሥመር ሁሉን እንፈቅዳለን። የላቦራቶሪ ረዳት የሚያስፈልገው የሕትመት አገልግሎቱን እንደ ገና ማስነሣት ብቻ ከሆነ፣ ያችን ትእዛዝ ብቻ መጻፍ ይበቃል። የሚያታልለው ሌላ ነው፦ አንድ ፋይል ብቻ ያርምልን ብለን ቪአይን በሱዱ ብንፈቅድለት፣ ከቪአይ ውስጥ ሼል መክፈት ስለሚቻል ሳናውቀው መላውን ሥልጣን ሰጥተነዋል። ለዚህ ሱዱኤዲት አለ፤ የፋይሉን ቅጂ በረዳቱ በራሱ ሥልጣን እንዲታረም ያደርግና ሲያበቃ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።